ፊትና ባለቤቱ

የሐኪሙና የተፈጥሮ ተመራማሪው የሉዊ አጋሲ ፎቶግራፎች በርከት ብለው ለዘመናችን ደርሰዋል። በአንዱ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሟል፤ ሰሌዳው በጠመኔ በተነደፉ የባሕር እንስሳት ተሞልቷል። በሌላው ከሒሳብ ሊቁ ከቤንጃሚን ፒርስ ጋር የምድርን ሉል አጠገባቸው አድርገው ይታያሉ። ጉርድ ፎቶዎቹ ደግሞ ሰፊ ግንባሩን፣ ሞላ ያለ ፊቱንና ጥቁር ኮቱን ያሳያሉ። በሁሉም ውስጥ ያለው ሰው የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚለብስ፣ ከማንና ከምን ጋር እንደሚታይ የመረጠ ሰው ነው። ይኸው ሰው በ1850 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በባርነት የተያዙ ሰባት ሰዎች ልብሳቸው ተገፎ ፎቶ እንዲነሡ አድርጓል። ሁለቱን ዓይነት ምስሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሁሉ ከአንድ የቆየ ጥያቄ አያመልጥም፦ ፊት ስለ ሰው ምን ይናገራል? ሰው በገዛ መልኩ ላይ ያለው መብትስ ከየት ይመነጫል?

አጋሲ የተወለደው በ1807 በስዊዘርላንድ፣ ሞቲዬ በምትባል መንደር ነው። አባቱ የፕሮቴስታንት ፓስተር ነበሩ። ቤተሰቡ ሐኪም ሆኖ ኑሮውን እንዲያቋቁም ይፈልግ ስለነበር በ1829 በፍልስፍና፣ በ1830 ደግሞ በሙኒክ በሕክምና ዶክትሬቱን ተቀበለ። በሽተኛ እያከመ ግን አልኖረም። ልቡ ከዓሦች ጋር ነበር። በቅሪተ አካል ዓሦች ላይ ያሳተማቸው ቅጾች ገና በወጣትነቱ ስሙን በአውሮፓ አስጠሩት፤ በ1840 ያወጣው መጽሐፍ ደግሞ ሰፊው የአውሮፓ ምድር በአንድ ዘመን በበረዶ ግግር ተሸፍኖ እንደነበር ብዙ አንባቢዎችን አሳመነ። በ1846 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1859 በዚያው የእንስሳት ንጽጽር ሙዚየምን አቋቋመ። በ1873 ሲሞት በአገሪቱ ከእሱ የበለጠ ስሙ የሚታወቅ የተፈጥሮ ተመራማሪ ማግኘት ያስቸግር ነበር።

በዚያ ዘመን ፎቶ መነሣት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። በ1839 በፓሪስ ለሕዝብ ይፋ የሆነው ዳጌሮታይፕ የሚሠራው ብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳው እንደ መስታወት እስኪያበራ ይወለወላል፤ በአዮዲን እንፋሎት ብርሃን እንዲይዝ ይደረጋል፤ ካሜራ ውስጥ ገብቶ ብርሃን ካገኘ በኋላ በሜርኩሪ እንፋሎት ምስሉ ይወጣለታል። ነጌቲቭ የለውም፤ እያንዳንዱ ሰሌዳ አንድ ለእናቱ ነው። ተነሺው ለብዙ ሰከንድ ሳይነቃነቅ መቆየት ስለነበረበት ፎቶ ቤቶች ከጀርባ ጭንቅላት የሚደግፍ ብረት ያቆሙ ነበር። ሰሌዳው ሲያዘነብሉት ምስሉ ይጠፋና የተመልካቹ የራሱ ፊት ብቅ ይላል። ከ1850ዎቹ ወዲህ በወረቀት ላይ የሚታተምና በርካሽ የሚባዛ ትንሽ ጉርድ ፎቶ ተስፋፋ። የታዋቂ ሰዎች ፊት በየሱቁ ይሸጥ ጀመር፤ ቤተሰቦችም በአልበም ይሰበስቡት ነበር።

ዘመኑ ፊትን እንደ ጽሑፍ ያነብ ነበር። ሌላው የስዊዘርላንድ ፓስተር ዮሐን ካስፓር ላቫተር ከ1775 እስከ 1778 ባሳተማቸው አራት ቅጾች የግንባር፣ የአፍንጫና የአገጭ ቅርጽ የውስጥን ጠባይ ይገልጣል ብሎ አስተምሮ ነበር። ሐኪሙ ፍራንዝ ዮሴፍ ጋል ደግሞ የራስ ቅልን እብጠት እየዳሰሰ ተሰጥኦንና ዝንባሌን አነባለሁ ይል ነበር። ሁለቱም ትምህርቶች በማስረጃ ሲፈተኑ ፈርሰዋል። ያሳደሩት ልማድ ግን ከእነሱ በኋላም ዘለቀ፤ ሰፊ ግንባር ያለውን ሰው ፎቶ ያየ ሰው ሳይጠየቅ የአእምሮን ታላቅነት ያነብበታል። የአጋሲ ምስሎችም የተነበቡት በዚህ ዓይን ነው።

አጋሲ ራሱ ስለ ማየት ብዙ ያስተማረ ሰው ነበር። ሳሙኤል ስከደር የሚባል ተማሪው በኋላ እንደጻፈው፣ የመጀመሪያ ትምህርቱ በአልኮል የተጠበቀ አንድ ዓሣ ፊት ተቀምጦ ማየት ብቻ ነበር። አጉሊ መነጽር አይፈቀድም፤ መጽሐፍም የለም። ተማሪው ሁሉንም አየሁ ሲል መምህሩ ገና አላየህም እያለ ለቀናት ያስቀምጠው ነበር። ይህ የማስተማር ዘዴ ለአሜሪካ ሳይንስ ትልቅ ስጦታ መሆኑ አይካድም፤ ብዙ ጎበዝ ተመራማሪዎች ከእሱ እጅ ወጥተዋል።

ዳሩ ግን አጋሲ አንዱን ዓሣ አተኩሮ የሚያየው ለራሱ ለዓሣው ሲል አልነበረም። በ1857 ባሳተመው የአመዳደብ ድርሰቱ እያንዳንዱ የእንስሳትና የዕፅዋት ዝርያ በፈጣሪ አእምሮ ውስጥ ያለ ሐሳብ መሆኑን ጽፏል። ዝርያ አይለወጥም፤ የሚወለደውና የሚሞተው ግለሰብ ያንን ሐሳብ ለጥቂት ጊዜ ተሸክሞ የሚያልፍ ነው። የዳርዊን መጽሐፍ በ1859 ሲወጣ በብርቱ የተቃወመውም ከዚህ እምነት ተነሥቶ ነው። ትምህርቱ ለእግዚአብሔር ክብር የቆመ ይመስላል፤ ፍጥረትን እንደ ቅዱስ ሐሳብ ማንበብ የሚማርክ ነገር አለው። አደጋው የሚመጣው አንባቢው ሐሳቡን አስቀድሞ አውቄዋለሁ ብሎ ግለሰቡን ለማስረጃነት ብቻ ሲፈልገው ነው። ይህ ለዓሣ ብዙም ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ለሰው ግን አመጣ።

አጋሲ አሜሪካ በገባበት ዓመት መጨረሻ ከፊላደልፊያ ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ በሆቴሉ ያስተናገዱትን ጥቁር ሠራተኞች ሲያይ ያደረበትን መጸየፍ ሳይሸሽግ ገልጧል፤ ከእኛ ጋር አንድ ደም መሆናቸውንም መጠራጠር እንደጀመረ ነግሯታል። ደብዳቤው በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል፤ ጥርጣሬው ከምርምር በፊት፣ በምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ ከስሜት እንደተወለደ ራሱ ይመሰክራልና። በዚያው ከተማ ሐኪሙን ሳሙኤል ጆርጅ ሞርተንን አገኘ። ሞርተን ከዓለም ዙሪያ የራስ ቅሎችን ሰብስቦ ውስጣቸውን እየለካ የሰው ዘሮችን በደረጃ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር፤ የአጋሲ ስሜት በእሱ ዘንድ የቁጥር ልብስ አገኘ።

መጋቢት 1850 በቻርልስተን፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ጉባኤ ተቀመጠ። አጋሲ በዚያ የሰው ዘሮች ከአንድ ጥንድ ወላጆች እንዳልመጡ፣ በየምድራቸው ለየብቻ እንደተፈጠሩ ተናገረ። በዚያው ዓመት በአንድ የክርስቲያን መጽሔት ላይ ሐሳቡን ሲያብራራ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር እንደማይጋጭ ለማሳየት ደከመ፤ የኦሪት ዘፍጥረት ታሪክ የሚናገረው ስለ አንዱ ዘር፣ ስለ ነጩ፣ ብቻ ነው አለ። ይህ ከሳይንስም ከሃይማኖትም አንጻር ከባድ እርምጃ ነበር። የአዳም ልጅነት የሁሉ ካልሆነ፣ በአዳም ውድቀትና በክርስቶስ ቤዛነት ላይ የቆመው ትምህርት ሁሉ ለማን እንደተሰጠ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ከተቃወሙት መካከል በቻርልስተን የሚኖረው የሉተራን ፓስተርና የእንስሳት ተመራማሪ ጆን ባክማን ዋነኛው ነበር። በዚያው በ1850 ስለ ሰው ዘር አንድነት ባወጣው መጽሐፍ፣ ሰዎች ሁሉ ተጋብተው የሚወልዱ፣ ልጆቻቸውም የሚወልዱ መሆናቸው አንድ ዝርያ መሆናቸውን ያረጋግጣል ብሎ ተከራከረ። በሳይንሱ ባክማን ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው ባርነትን ይደግፍ ነበር። የሁሉንም አንድ አባት አምኖ ወንድሙን በገበያ መግዛትን የፈቀደ አእምሮ፣ እውነተኛ ትምህርት ብቻውን ሰውን እንደማያድን ያሳያል። አጋሲ በበኩሉ ባርነትን እንደማይወድ ይናገር ነበር፤ ሰባቱን ባሮች ፎቶ ያስነሣው ግን እሱ ነው።

ከጉባኤው በኋላ አጋሲ ወደ ኮሎምቢያ ከተማ ሄዶ በአካባቢው ባሉ እርሻዎች የሚሠሩ፣ በአፍሪካ የተወለዱና የእነሱ ልጆች የሆኑ ሰዎችን ተመለከተ። ጉብኝቱን ያመቻቸለት፣ ሰዎቹንም ያስመረጠው ሮበርት ጊብስ ሲሆን፣ እሱም እንደ እንግዳው ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። ጆሴፍ ዚሊ የሚባል ፎቶ አንሺ በፎቶ ቤቱ ሥራውን አከናወነ። ከሥራው የቀሩት ዳጌሮታይፖች 15 ናቸው። በውስጣቸው ያሉት ሬንቲና ልጁ ዴሊያ፣ ጃክና ልጁ ድራና፣ ጄም፣ አልፍሬድና ፋሴና ናቸው። አንዳንዶቹ እስከ ወገባቸው፣ አንዳንዶቹ ሙሉ በሙሉ ተራቁተው፣ ከፊትና ከጎን ተነሥተዋል። በአባት ፊት ልጁን ማራቆት ምን እንደሆነ ለማወቅ ምንም ሊቅነት አያስፈልግም። ጊብስ በየሰሌዳው ላይ ስማቸውን፣ መጡበት የሚባለውን የአፍሪካ ወገንና የጌቶቻቸውን ስም ጽፎ ለጠፈ፤ በሬንቲ ላይ ኮንጎ የሚል ሰፍሯል። ሰሌዳዎቹ የተቀመጡት የከበሩ ቤተሰቦች የዘመዶቻቸውን ምስል በሚያኖሩባቸው ዓይነት ጌጠኛ ማኅደሮች ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የአጋሲ ፍልስፍና ከገዛ መሣሪያው ጋር ተጋጨ። የፈለገው ዓይነተኛውን አፍሪካዊ፣ ማለትም የማይለወጠውን የፈጣሪ ሐሳብ፣ ማየት ነበር። ካሜራ ግን ሐሳብን ማንሣት አይችልም። ሠዓሊ ከመቶ ፊት አንዱን አውጣጥቶ፣ ልዩ የሆነውን ፍቆ፣ የጋራ መልክ ሊሥል ይችላል። ፎቶግራፍ ግን የሚይዘው በዚያች ሰዓት፣ በዚያች ወንበር ላይ የነበረውን አንዱን ሰው ነው፦ የሬንቲን የሸበተ ጸጉር፣ የደረቱን አጥንት፣ ወደ ካሜራው ያቀናቸውን ዓይኖቹን። ዓይነት ተብሎ የሚጠራው ነገር ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ከሌሎች ሁሉ የተለየ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀመጠው። ማስረጃ ይሆናሉ ተብለው የተነሡት ሰሌዳዎች ስለ ዘር አንዳች ያረጋገጡት ነገር የለም፤ አጋሲም አሳትሟቸው አያውቅም። ሰባት ሰዎች በስማቸው እንደነበሩ ግን በማያሻማ ሁኔታ አረጋገጡ።

ይህን የፎቶግራፍ ጠባይ ቀድመው ከተረዱት አንዱ ከባርነት ያመለጠው ፍሬደሪክ ዳግላስ ነው። በ1854 በኦሃዮ ባደረገው ረጅም ንግግር ሞርተንንና አጋሲን በስም ጠርቶ ተከራከራቸው። ከነቀፋቸው ነገሮች አንዱ የሥዕል አድልዎ ነው፤ የዘር መጻሕፍት አውሮፓዊውን በምርጥ መልኩ፣ ጥቁሩን ደግሞ ወደ አውሬ አስጠግተው እንደሚሥሉት አሳየ። በ1861 በቦስተን ስለ ፎቶግራፍ ራሱን የቻለ ንግግር አደረገ። እሱ ራሱ ወደ 160 የሚጠጉ ልዩ ልዩ ፎቶዎች ተነሥቷል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ከእሱ የበለጠ የተነሣ ሰው የለም ይባላል። ልብሱን አሳምሮ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይቀመጥ ነበር። ዳግላስ ያደረገው አጋሲ ለራሱ ያደረገውን ነው፤ ለመነሣት ፈቀደ፣ እንዴት እንደሚታይም ወሰነ። በዳግላስና በሬንቲ ፎቶ መካከል ያለው ልዩነት በሌንሱም በኬሚካሉም ውስጥ አይገኝም። ያለው ከመነሣቱ በፊት፣ ማን እሺ አለ በሚለው ነገር ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ጥያቄ ጋር ተያይዞ ጥቂት ሰዎች የሚያስተውሉት ወጥመድ አለ። ዛሬ የሬንቲን ምስል የሚያዩ ብዙዎች በዓይኖቹ ውስጥ ክብርን፣ እምቢተኝነትን፣ ያልተሸነፈ መንፈስን እናያለን ይላሉ። የሚናገሩት ከፍቅር ነው፤ መንገዱ ግን የላቫተር መንገድ ነው። ከቆዳው አልፎ ውስጡን ማንበብ ይቻላል ብሎ የሚያምን ሰው፣ አጋሲ ዝቅተኝነትን ባነበበበት ቦታ ልዕልናን ቢያነብ ስሕተቱ አልታረመም። ሬንቲ በዚያች ሰዓት ፈርቶ፣ ደክሞት፣ ስለ ልጁ እየተጨነቀ ወይም ምንም ሳያስብ ሊሆን ይችላል። ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ ቢሆን ኖሮ ክብሩ በአንዲት ቅንጣት ይቀንስ ነበር? አይቀንስም። ስለዚህ የሰው ክብር ፊቱ በሚያሳየው ነገር ላይ ሊመሠረት አይችልም፤ ፊቱ ቢያሳየውም ባያሳየውም ጸንቶ የሚቆም ሌላ መሠረት ያስፈልገዋል።

ከክርስትና አባቶች መካከል ይህን መሠረት በግልጽ ካስቀመጡት አንዱ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል። ጎርጎርዮስ ስለ ሰው አፈጣጠር ሲጽፍ ሁለት ነገሮችን አስተማረ። አንደኛው፣ የእግዚአብሔር አርአያና አምሳል የተሰጠው ለአንዱ ክፍል ሳይሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላለው የሰው ልጅ ሁሉ በአንድነት ነው። ሁለተኛው፣ እግዚአብሔር በባሕርዩ የማይመረመር ስለሆነ፣ በአርአያው የተፈጠረው የሰው አእምሮም ተመርምሮ አይደረስበትም። መጽሐፈ መክብብን ሲተረጉም ደግሞ ከዚሁ ተነሥቶ ባሪያ ገዢዎችን ፊት ለፊት ተናገራቸው፤ በእግዚአብሔር አርአያ ለተፈጠረ ሰው ምድር ሁሉ ዋጋ ሆና ብትቀርብ እንደማትበቃ አስረዳ። በዘመኑ ባርነትን ራሱን እንዲህ ያወገዘ ሌላ ድምፅ ማግኘት ከባድ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ለፎቶግራፍ ጥያቄ በቀጥታ መልስ ይሰጣል። ሰው አርአያ ሥላሴ ነው ሲባል አርአያው በመልኩ ላይ ይነበባል ማለት አይደለም፤ የማይነበብ መሆኑ ራሱ የአርአያው ክፍል ነው። እንግዲህ ሌላው ሰው ካላሳወቀን በቀር ውስጡን የምናውቅበት መንገድ የለንም፤ ልንጠይቀውና እስኪመልስ ልንጠብቀው ይገባል። ሰባቱን የጠየቃቸው አልነበረም። የአጋሲ ጥፋት ጭካኔ ብቻ ሳይሆን የእውቀትም ጥፋት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለ ሰው የሚያስተምረውን ብቸኛ ምንጭ፣ የሰውየውን ቃል፣ ዘግቶ ነው ምርምሩን የጀመረው። በእግዚአብሔር የማያምን አንባቢም ከዚህ ብዙ ሊርቅ አይችልም። ፈላስፋው ካንት ሰውን ለሌላ ዓላማ መሣሪያ ብቻ አድርጎ መያዝ አይገባም ሲል ወደዚያው ድንበር በሌላ በር ደርሷል።

አጋሲ ግን ከልምዱ አልተመለሰም። በ1865 ወደ ብራዚል በመራው ጉዞ በማናውስ ከተማ የአካባቢውን ነዋሪዎች እያስራቆተ ፎቶ አስነሥቷል። ከጉዞው ተማሪዎች አንዱ ዊልያም ጄምስ ነበር፤ በኋላ የሕክምና ዶክተር የሆነ፣ ከዚያም የአሜሪካ ፍልስፍና ታላቅ ስም። ጄምስ በማስታወሻ ደብተሩ ወደ ፎቶው ክፍል ሲገባ አጋሲ ሴቶችን እያባበለ ልብሳቸውን ሲያስወልቅ እንዳየ ጽፏል፤ ሴቶቹ ጨዋ መስለው እንደታዩትም አልዘለለም። አስተያየቱ አጭር ነው፤ ግን የተነሺዎቹን ማንነት የሚያይ ዓይን አለበት። ጄምስ መምህሩን እስከ መጨረሻ አክብሯል፤ ከረቂቅ ንድፈ ሐሳብ ይልቅ ተጨባጩን ነገር ማየትን ከእሱ እንደተማረም መስክሯል። በ1899 ባሳተመው ሌላ ድርሰት ደግሞ ሰው ከእሱ የተለዩ ሰዎችን የውስጥ ሕይወት ለማየት ዕውር እንደሆነ፣ ስለዚህም በሌሎች ላይ ለመፍረድ መቸኮል እንደሌለበት ተከራከረ። አጋሲ ማየትን አስተማረው፤ የማየትን ወሰን ግን ሌላ ቦታ መማር ነበረበት።

ዳጌሮታይፖቹ በሃርቫርድ ፒቦዲ ሙዚየም ሰገነት ላይ ተረስተው ኖረው በ1976 ተገኙ። ከዚያ በኋላ በመጽሐፍ ሽፋንና በኤግዚቢሽን ላይ ዞሩ። በ2019 የሬንቲ ዝርያ ነኝ ያለችው ታማራ ላኒየር ምስሎቹ ይመለሱልን ብላ ዩኒቨርሲቲውን በማሳቹሴትስ ከሰሰች። የንብረት ሕግ የቆየ መልስ አለው፤ ፎቶ የሚሆነው ያነሣው ወይም የገዛው ሰው ነው፣ የተነሣው ሰው በመነሣቱ ብቻ ባለቤትነት አያገኝም። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2022 የባለቤትነት ጥያቄዋን በዚሁ ምክንያት ውድቅ አደረገ፤ ዩኒቨርሲቲው ጥያቄዋን ያስተናገደበት መንገድ ላደረሰባት የመንፈስ ጉዳት ግን ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ። የንብረት ሕጉ የተነሺውን ፈቃድ አስቀድሞ እንደተገኘ ይቆጥረዋል። ፈቃድ የሚባል ነገር በሕግ ያልነበረው፣ ራሱ እንደ ንብረት የሚቆጠር ሰው ሲነሣ፣ ሕጉ የቆመበት መሬት ከሥሩ ይሸሻል። ግንቦት 2025 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፤ ሃርቫርድ ምስሎቹን ለቅቆ በቻርልስተን ለሚገኘው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም እንዲተላለፉ ተወሰነ። የአጋሲ የራሱ ፎቶዎች በየቤተ መዛግብቱ አሉ፤ በስዊዘርላንድ በኑሻቴል ከተማ በስሙ ይጠራ የነበረው አደባባይ ግን በ2019 ከካሜሩናዊት እናት ለተወለደችው የፓርላማ አባል ለቲሎ ፍሬይ መታሰቢያ ሆኗል።